ለልጅ ጥርስ ሄደን አፍንጫ አሳክመን ተመለስን፦ ባሕር ዳር ላይ ያየኋቸው ክሊኒኮች

ለእረፍት ባሕር ዳር ገብታችሁ በዚያው የልጅ ጥርስ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ላሰራ የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የልጁን አፍንጫ አሳዩ። ከጥርስ ሐኪሙ በፊት። ይህን የምለው ሁለቱንም ቤት ስላየሁ ነው።

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። የሚኖረው እዚያው ባሕር ዳር ነው፣ እኔ ሚኒሶታ። የላይ ጥርሱ ወደ ፊት ወጣ ብሏል፣ ሲነክስም ላይና ታቹ አይገጥምለትም። እህቴ «ስትመጪ ብሬስ እናሰራለታለን» ብላ ስትጠብቀኝ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌሊቱ ነው። አፉን በርግዶ ይተኛል፣ እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል፣ አንዳንዴ ትንፋሹ ቆም ይልና በድንገት ሳብ አድርጎ ይነሳል። ጠዋት ትራሱ በለሃጭ ርሷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። አስተማሪውም ክፍል ውስጥ ይፈዛል ብላለች። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ምን ያድርግ?

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ምክሩ ብዙ ነው። አንዲት የማከብራቸው እናት «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጡትና ይገላገል» አሉን። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እንጥል አየር አይዘጋም። በምላጭ ሲቆረጥ ግን ደም አያቆምም፣ ይመረቅዛል፣ ልጅ የሞተበት ቤት አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች ውስጥ አስገብቶታል። ግግ ማስወጣትም ያው ነው፣ ከሥር ያለውን ጥርስ አበላሽቶ ነው የሚቀረው።

መጀመሪያ የገባነው ሰው የጠቆመን የጥርስ ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም። ወንበሩ አዲስ፣ ቤቱ የጸዳ፣ አቀባበሉ ጥሩ። ባለሙያው የልጁን አፍ አንዴ ከፈት አድርጎ አየና «ቀብድ ከከፈላችሁ ነገ እንጀምራለን» አለን። ራጅ አላነሳም። እንዴት እንደሚተኛ አልጠየቀም። አፉ ለምን ክፍት እንደሚሆንም አልጠየቀም። በኋላ ሽቦውን ማን ነው እየተከታተለ የሚያጠብቀው ስለው የረባ መልስ አላገኘሁም። አመስግነን ወጣን። ባሕር ዳር ላይ ካየሁት አገልግሎት ልመክረው የማልችለው ይሄን ብቻ ነው።

አንገት በላይ ሐኪም (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ጋ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጉዞውን በሙሉ የካሰልኝም ይሄ ቤት ነው። የግል ክሊኒክ ነው። ወረፋው ያሰለቻል፣ ለሦስት ሰዓት ተቀጥረን አምስት ሰዓት አልፎ ነው የገባነው፣ ለልጅ የሚሆን መቀመጫም የለም። ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ዶክተሯ አልቸኮለችም። «ና የኔ ጌታ» ብላ አስቀመጠችው። ትንሽ ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ያዘችና አፍህን ግጠምና ተንፍስ አለችው። በግራ በኩል ያለው ትንሽ ጉም አበጀ። በቀኝ በኩል ምንም የለም ማለት ይቻላል። ከንፈሩን ለመግጠም ሲታገል አገጩ ተጨማዶ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ፣ ሁላችንም በቀን ስናየው የኖርነው ነገር ነው። ከዚያ «ሲተኛ የቀረጻችሁት ቪዲዮ አላችሁ?» አለች። እህቴ በስልኳ ቀርጻው ነበር፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እናንተም ስትሄዱ ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም ቀን የሚያየው ልጅና ሌሊት የምታዩት ልጅ አንድ አይደሉም።

በጎን በኩል የተነሳው ራጅ አዴኖይዱ አብጦ ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን መንገድ እንዳጠበበው አሳየ። አዴኖይድ እንደ ቶንሲል ያለ ሥጋ ነው፣ ያለው ግን ከላንቃ በላይ ከአፍንጫ ኋላ ስለሆነ አፍ ከፍቶ አይታይም። በሕፃንነት ያድጋል፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ እየሟሸሸ ይሄዳል። ልጁ አለርጂም አለበት። አቧራው፣ የከሰሉ ጭስ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚጨሰው እጣን ሁሉ አፍንጫውን ያስቆጣዋል ተባልን። እጣኑን ከልጁ መኝታ ማራቅ እናቴን ትንሽ አስከፍቷታል፣ ግን ተስማምታለች።

ለጊዜው የታዘዘለት በጨው ውሃ አፍንጫ ማጠብና የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። ስፕሬዩን እንዴት እንደሚጠቀም ራሷ አሳየችን፦ ለቀኙ ቀዳዳ በግራ እጅ፣ ለግራው በቀኝ እጅ፣ ጫፉ ወደ መሀሉ አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ በኩል ዞር ብሎ። ይህን ፋርማሲ ላይ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። በስፕሬዩ ካልቀነሰ አዴኖይዱ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ቲክቶክ ላይ የልጅን አፍ በፕላስተር አሽገው የሚያስተኙትንም ጠየቅኳት። ክልክል ነው አለች። አፍንጫው የተዘጋን ልጅ አፉን ማሸግ ትንፋሹን መከልከል ነው።

በመጨረሻ በእሷ ደብዳቤ ሌላ የጥርስ ሐኪም ጋ ሄድን። ይሄኛው ቤት ያረጀ ነው፣ ዕቃውን ግን ከታሸገ ፓኬት እኛ እያየነው ነው ያወጣው። ልጁን መስታወት አስያዘውና ምላሱን አሳየው። ምላስ በደህናው ቀን ላንቃ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያርፈው፣ የላይኛውን መንጋጋ ከውስጥ ገፍቶ የሚያሰፋውም እሱ ነው። አፍ ሁልጊዜ ክፍት ሲሆን ምላስ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉንጭ ከውጭ ይጫናል፣ ላንቃው ጠብቦ ወደ ላይ ይጎደጉዳል፣ ጥርስ ቦታ ያጣል። የእኛው ልጅ የላይ መንጋጋ ጥርሶች በአንድ በኩል ከታቾቹ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሚገጥሙት። የፊት ድዱም ቀልቷል፣ አየር ሲያደርቀው ስለሚያድር።

ሕክምናውም መጀመሪያ ብሬስ ላይሆን ይችላል አለን። ላንቃ ማስፊያ የሚባል መሣሪያ አለ፣ መሀሉ ላይ ብሎን አለው፣ ወላጅ በትንሽ ቁልፍ ያዞረዋል፣ አንዴ ሲዞር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የሚሠራው የላንቃው አጥንት መሀል ላይ ያለው መጋጠሚያ ሳይደድር ነው፣ በጉርምስና እየጠበቀ ስለሚሄድ ጊዜው አሁን ነው። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች፣ ማለትም የጥርስና የመንጋጋ አቀማመጥ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች፣ ማኅበርም ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ የሚመክረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ደግሞም በግልጽ «ይህን የሚሠራልህ ኦርቶዶንቲስት ነው፣ እኔ አይደለሁም» ብሎ አዲስ አበባ ላከን። ገንዘብ እምቢ ብሎ እውነቱን የሚነግር ባለሙያ አከብራለሁ። አፍንጫው እንደተዘጋ ጥርሱ ብቻ ቢስተካከል ተመልሶ ሊበላሽ እንደሚችልም ያስረዳን እሱ ነው።

አሁን ከውጭ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡት። አሜሪካ ብሬስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ አገር ቤት ላሰራው ማለታችሁ ይገባኛል። ግን ብሬስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱም መስተካከል አለበት። አስራችሁት ብትመለሱ እዚያ የሌላ ሰው ሥራ ተቀብሎ የሚቀጥል ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው፣ ቢገኝም ከመጀመሪያው ሊያስከፍል ይችላል። በእረፍት ላይ የሚያዋጣው ምርመራ፣ የጥርስ እጥበት፣ የተቦረቦረ ጥርስ መሙላት ነው። ራጁን ቅጂ ተቀብላችሁ ውሰዱ።

ስለ ሌላው ባጭሩ፦ ባጃጅ ኮንትራት ያዙ፣ ከልጅ ጋር ከክሊኒክ ክሊኒክ በእግር መመላለስ በዚያ ፀሐይ አይሆንም። የታዘዘው ስፕሬይ በየፋርማሲው ስለማይገኝ የማዘዣውን ፎቶ አንሡና ወዳጅ ዘመድ ይፈልግላችሁ። የጣና ዳር ካፌዎች ለልጅ ጥሩ ናቸው፣ ወረፋ ስትጠብቁ ስልክ ቁጥር ትታችሁ እዚያ መቀመጥ ይቻላል።

ልጁ ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ዶክተሯ ጋ ይታያል። ካልተሻለው ቀዶ ጥገናው ይደረጋል፣ ወጪውን ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፣ አዲስ አበባ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ቪዲዮውን አሁንም በየሳምንቱ እየቀረጸች በቴሌግራም ትልክልኛለች።