ባለ 50 ሊትር ቦይለር፦ ለብ ያለው ውሃ ጥፋቱ የማን ነው?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ዕቃው ጥሩ ነው። ሻወር ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ 50 ሊትርና ባለ 1500 ዋት ቦይለር ውሃ በደንብ ያሞቃል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ማታ ሞቆ የጠፋው ቦይለር ጠዋት ፊት የሚያስታጥብ ሙቅ ውሃ አያጣም። ታዲያ ለምን ወራት ሙሉ ለብ ባለ ውሃ ስንታጠብ ከረምን? መልሱ ቦይለሩ ውስጥ አልነበረም። ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ቦይለሬ አላሞቅ አለ» ብሎ ደህናውን ዕቃ አውርዶ፣ አዲስ ገዝቶ፣ አዲሱም ለብ ያለበት ሰው አውቃለሁ፣ ገንዘቡም ድካሙም ያሳዝናል።

በመጀመሪያ የመጣው ዕቃውን የሸጠልን ሱቅ የላከው ልጅ ነው። ገና በር ላይ እንደቆመ «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለ፣ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት ማለቱ ነው። ክዳን አልፈታ፣ ቴስተር አላወጣ፣ ቧንቧ እንኳን አልነካ። ይሄ አገልግሎት አይባልም። እንደኛ ዓይነቱ ቦይለር አንድ ሬዚስታንስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ከተቃጠለ ውሃው ለብ አይልም፣ ጭራሽ በረዶ ነው የሚሆነው። ለብ ካለ የሆነ ነገር እያሞቀው ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው «ሙቀቱ የት እየጠፋ ነው?» መሆን አለበት። ይቺን ብቻ ብታውቁ ከብዙ አላስፈላጊ ወጪ ትድናላችሁ።

ሁለተኛው ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ጎረቤት ናት ያገናኘችን። ዕቃቸውን ሳያወርዱ በፊት እናቴን ጠየቋት። «እትዬ፣ ለብ የሚለው ሁልጊዜ ነው ወይስ የመስመር ውሃ በመጣ ቀን?»

እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ኧረ እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ውሃ የመጣ ዕለት ነው የሚብሰው» አለች። ማናችንም ልብ ያላልነው ነገር ነበር።

ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፉ። ቀጥሎ ወደ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ሰማያዊ ቀለበት ባለበት በኩል ያለውን፣ ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ከዚያ ኩሽና ገብተው የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈቱ። እንግዲህ ቦይለሩ ውሃ ካልገባለት ውሃ ማውጣት አይችልም፤ ትንሽ ጠብ ጠብ ብሎ መቆም ነበረበት። የኛ ግን አልቆመም። ቁልቁል ይወርድ ጀመር፣ ያውም ቀዝቃዛ! ጋሼ የቧንቧው መስመር ላይ መዳፋቸውን እያሳረፉ ከቦይለሩ ጀምሮ ተከተሉት። ከቦይለሩ እንደወጣ ያለው ቧንቧ ያቃጥላል፣ እጅ መታጠቢያው ጋ ሲደርስ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ላይ ቆሙና ወደ ታች አጎንብሰው አዩ።

ጥፋተኛዋ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጎን የተሰቀለችው፣ በእጅ የምትጨመቀው ትንሽ ሻወር ናት። ቤቱን የሠራው ቧንቧ ሠራተኛ ያገናኛት ሙቅና ቀዝቃዛውን ከሚቀላቅለው የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ፣ ከሚክሰሩ ጋር ነው። እኛ ደግሞ እሷን ስንጠቀም ሚክሰሩን መሀል ላይ ከፍተን እንተወዋለን፣ መጨመቂያዋን ስንለቅ ውሃው ስለሚቆም የተዘጋ ይመስላል። ከውስጥ ግን አልተዘጋም። ቀዝቃዛውና ሙቁ መስመር ሚክሰሩ ውስጥ ተገናኝተው ይቀመጣሉ፣ ግፊቱ የበረታው ወደ ደካማው ይገባል።

አሁን የውሃ መምጫው ቀን ነገር ግልጽ ይሆናል። ቦይለራችን ውሃ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ቀዝቃዛው መስመር ግን የመንግሥት ውሃ ሲመጣ በቀጥታ ከመስመር፣ ሲጠፋ ከሮቶ ነው የሚጠጣው። መስመሩ ሲመጣ ግፊቱ ከሮቶው ይበልጣል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛው ሚክሰሩን አልፎ ወደ ሙቁ ቧንቧ ይገባና ከቦይለሩ የሚመጣውን እዚያው መንገድ ላይ ያበርደዋል። መስመሩ ሲጠፋ ሁለቱም ከሮቶ ስለሆኑ ግፊታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ውሃውም ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ፣ ሮቶም ያለው ቤት ሁሉ ይሄን ቢፈትሽ ደስ ይለኛል።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ጋሼ ትንሿን ሻወር ከሚክሰሩ ነቅለው የራሷ መዝጊያ ያላት አድርገው ከቀዝቃዛው መስመር ጋር ብቻ አገናኟት። ይሄን ማድረግ ለማይችል ሰው ነፃው መፍትሔ ከተጠቀሙ በኋላ ሚክሰሩን ራሱን መዝጋት ነው። ከዚህ የተሻለውና ዘላቂው ደግሞ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከሮቶ፣ ማድረግ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሻወር ከሌላችሁና ሙከራው ላይ ውሃው አልቆም ካለ ከሚክሰሮቻችሁ የአንዱ የውስጥ ዕቃ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ በየተራ እየዘጋችሁ ፈልጉት።

ውሃው ሙከራው ላይ በሥርዓቱ ከቆመ ግን ወደ ቦይለሩ ተመለሱ። መጀመሪያ ሙቀት መምረጫዋን እዩ፣ ስትጸዳ በጨርቅ ተነክታ ዝቅ ብላ ይሆናል። 60 ዲግሪ ላይ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ውሃ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል፣ 60 ላይ ግን ይሞታል። ቀጥሎ ገጣሚው መግቢያና መውጫውን አቀያይሮት እንደሆነ ተመልከቱ። ሰማያዊው ቀዝቃዛ ማስገቢያ፣ ቀዩ ሙቅ ማውጫ ነው። ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ማውጫው ቱቦ ከላይ ነው የሚቀዳው፤ ከተቀያየረ ከታች ያለው ይወጣል፣ አዲሱ ቀዝቃዛ ደግሞ የሞቀው ላይ ይፈስበታል፣ ሁሉም ነገር ለብ ይላል። ቦይለሩ ሲሞቅ መንጣጣት ከጀመረ ደግሞ ሬዚስታንሱ ላይ ነጭ ድንጋይ መሰል ዝቃጭ ተጋግሯል ማለት ነው፣ መታጠብ አለበት።

ስለ መብራትም ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ቅሬታ ከዚያ ነው የሚመጣው። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 1500 ዋት ወደ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይሄ ግን 220 ቮልት በትክክል ሲገባ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲለኩስ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የቦይለሩ ጉልበት በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ከዚያ በላይ ነው የሚወርደው። ወደ 1000 ዋት ይሆናል፣ ያው ውሃ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። አብርቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሻወር የገባ ሰው ለብ ያለ ውሃ ቢያገኝ ቦይለሩን አይውቀስ። እኛ ቤት ሌሊት ላይ ነው የምናበራው፣ በጣም ይለያል።

መጠኑ ላይም ሐቁን ልናገር። 60 ዲግሪ የደረሰ 50 ሊትር ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚስማማ 80 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ሻወራችሁ በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ከሆነ የ10 ደቂቃ መታጠቢያ ነው። ቶሎ ለሚታጠቡ ሁለት ሰዎች ይበቃል። አራት ሆናችሁ ተከታትላችሁ የምትታጠቡ ከሆነ ግን የመጨረሻው ሰው ለብ ባለው ነው የሚጨርሰው፣ ስለዚህ ባለ 80 ሊትሩን ቦይለር ግዙ። በቀጥታ ሻወሩ ላይ የሚያሞቀውን ዓይነት የሚመክሯችሁ ሰዎች አሉ፣ ማጠራቀሚያ ስለሌለው ውሃ አያልቅበትም፣ እውነት ነው። ግን 5500 ዋት ያለው 25 አምፔር ይስባል፣ የኛ ቦይለር 7 አምፔር ብቻ ነው የሚስበው። የኮንዶሚኒየማችሁ ሽቦ ያንን መሸከሙን ኤሌክትሪሻን ሳያረጋግጥላችሁ እንዳትሞክሩት፣ እባካችሁ። የቱንም ብትገዙ የመሬት ሽቦው መታሰሩን በዓይናችሁ እዩ። ውሃና መብራት አንድ ላይ ናቸው፣ ልጆችም ይታጠቡበታል።

ለዕቃው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት መመሪያው ላይ ስለ ማግኒዝየም ዘንጉ አንድ መስመር ስለሌለው ነው። ይቺ ዘንግ ታንከሩ እንዳይዝግ እሷ በፈንታው የምትበላ ናት፣ በዓመት በሁለት ዓመት ተፈትታ መታየት፣ ካለቀችም መቀየር አለባት፤ ገዢው ካልተነገረው ከየት ያውቃል? ሱቁ ለላከው አገልግሎት አንድም አልሰጥም። ለጋሼ ግን ሙሉውን፣ ምክንያቱም ክፍያ ሲጠይቁ እንኳን የሠሩትን ያህል ነው የጠየቁት፣ «ዕቃ ይቀየር» ቢሉን እኮ እሺ ብለን እንከፍል ነበር።

ሌላም ሰው የሚደናገርባት አንድ ነገር አለች። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ከታች ካለው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ 50 ሊትሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.8 ሊትር ትርፍ ይፈጥራል፣ ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ጠብታው ወለሉን ካረጠበባችሁ ቀጭን ላስቲክ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት፣ ቫልቩን ግን በፍጹም እንዳትደፍኑት።