በቀበና ጓሮ አንድ ዓመት የተፈተነ ዘመናዊ ቀፎ

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ መሐል አዲስ አበባ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሙሉ ዘመናዊ ቀፎ ገዝቼ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለው ጓሮዬ አቁሜ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ንብ አረባሁበት። "ሙሉ" የሚሉት ወለሉን፣ የእጭ ክፍሉን፣ አንድ የማር ክፍልን፣ 20 ፍሬሞችን (ንቦቹ የማር እንጀራቸውን የሚሠሩባቸውን የእንጨት ክፈፎች)፣ እንቁላል ጣይዋ እናት ንብ ወደ ማር ክፍሉ እንዳትወጣ የሚከለክለውን የአውራ ማገጃ፣ በቆርቆሮ የተለበጠውን ክዳን፣ የብረት መቆሚያውን፣ ማጨሻውንና ቱታውን ከነዓይነ ርግቡ በአንድ ዋጋ ስለሚሸጡት ነው። ቀፎ በሱቅ በር ላይ ተደርድሮ ሲታይ ሁሉም ያው ሣጥን ስለሚመስል፣ ይህን አስተያየት ለመጻፍ የአደይ አበባው ወራትም ክረምቱም እስኪያልፉበት ጠብቄአለሁ። የሥራ ቤቱን ስም ያልጠቀስኩት ጉድለቶቹን ከነገርኳቸው ወዲህ አሠራራቸውን ማረም ስለጀመሩ ነው፤ የከፈልኩትንም ያልጻፍኩት የእንጨትና የቆርቆሮ ዋጋ እንዲህ በሚለዋወጥበት ጊዜ የአምናው ሒሳብ ለዘንድሮ ገዢ ስለማይረባው ነው።

ቀፎው በንብ አርቢዎች ዘንድ "ዛንደር" እየተባለ የሚጠራውና ስሙን ከጀርመናዊው የንብ ተመራማሪ ከኤኖክ ዛንደር ያገኘው ዓይነት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል 10 ፍሬም ይይዛል። በባህላዊው ቀፎ የማር እንጀራው ከቀፎው ጣሪያ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ማር የሚወሰደው እንጀራው ተቆርጦ ነው፤ በባለፍሬሙ ግን እንጀራው ከነፍሬሙ ወጥቶ፣ ማሩ ተጣርቶ፣ ባዶው ተመልሶ ስለሚገባ ንቦቹ ሰሙን እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያጠፉት ማርና ድካም ይተርፋል። ይህ የሚሆነው ታዲያ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት ልኩን የጠበቀ እንደሆነ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮት እ.ኤ.አ. በ1851 በቀፎ ሥራ ላይ እንዳዋለው፣ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ክፍተት መተላለፊያ አድርገው ይተውታል፤ ከዚያ የጠበበውን በሙጫ ይደፍኑታል፣ የሰፋውን ደግሞ በእንጀራ ይሞሉታል። የቀፎ አናጢነት ከቁም ሣጥን አናጢነት የሚከብደው በዚህ የተነሣ ነው።

እንጨቱን አስቀድሜ ላመስግን። ዋንዛ ባይሆንም ደኅና አድርጎ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ስለሆነ ከክረምቱ በኋላ እንኳ አልጠመመም፤ ማዕዘኖቹም በምስማር ከመመታታቸው በፊት እርስ በርስ ተቆላልፈው የተገጠሙ በመሆናቸው ማር የሞላ ክፍል ሳነሣ አንድም ቀን አልተንቀጠቀጡብኝም። ቀለሙ በውጭ በኩል ብቻ መቀባቱ የሠሪውን ዕውቀት ያሳያል፤ ከመግዛቴ በፊት ዞሬ ካየኋቸው ቀፎዎች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ጭምር ዘይት ቀለም የተለቀለቁ ነበሩ፤ ንብ እንዲህ ባለ ሽታ ውስጥ በጄ ብላ እንደማትቀመጥ ሻጮቹ የሰሙ አልመሰለኝም።

መስከረም ላይ ኅብረ ንቡን ከባህላዊ ቀፎ ያዘዋወረልኝ ሥራ ቤቱ የላከው አንድ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ይህ አገልግሎት ከዋጋው ጋር የተካተተ መሆኑን ያወቅሁትም እሱ አመሻሽ ላይ በሬን ሲያንኳኳ ነው። አዲሱን ቀፎ በወይራ ጭስ አጠነው፤ ከዚያም የአሮጌውን ቀፎ እንጀራ አንድ በአንድ እየቆረጠ አውራዋን ፈልጎ አገኛትና በተበሳሳ የክብሪት ቤት ውስጥ አስገብቶ በፍሬሞቹ መካከል አንጠለጠላት። የቀሩት ንቦች ሽታዋን ተከትለው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ውስጥ ጎረፉ። (እንቁላል የምትጥለዋን እናት "አውራ" ማለታችን ቢያስገርምም፣ "ንግሥት" የሚለው ቃል እስካሁን አፌ ላይ አልለመደም።) እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ የተመለከትኩትን ሥራ ብቻዬን ብሞክረው ኖሮ፣ አውራዋን ጨፍልቄ ኅብረ ንቡን በበተንኩት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጉዱ የታየው ጥቅምት ላይ ነው። አደይ አበባው በየአጥሩ ሥርና በወንዙ ዳር ፈክቶ፣ ንቦቹ እግራቸው ቢጫ እስኪሆን ጽጌ ብናኝ እየተሸከሙ ሲገቡ ሳይ፣ ውስጡን ለማየት ክዳኑን ከፈትኩ። ሦስተኛውን ፍሬም በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ስስብ በፊት በኩል አልነቃነቅ አለኝ፤ ትንሽ ኃይል ስጨምር እንደ እርጥብ ጨርቅ ያለ የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ፤ የእንጀራው ጫፍ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቀረ፣ ገና ያልታሸገው ማርም በእጮቹ ላይ ፈስሶ ወለሉ ላይ የነበሩትን ንቦች አሰመጣቸው። ቀሪዎቹም ፍሬሞች እንዲሁ ተጣብቀው ነበር። ጭሱን ጨምሬ ንቦቹን ካረጋጋሁ በኋላ በልጄ ማስመሪያ ስለካው፣ ፍሬሞቹ ወደ ኋላ ተንሸራተው ከኋላ ግድግዳ 7፣ ከፊት ግድግዳ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ርቀው አገኘኋቸው። ሣጥኑ በርዝመቱ ከሚገባው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ ነበር ማለት ነው፤ ንቦቹም የተረፈውን ቦታ ባዶውን አልተዉትም።

ስልክ ስደውል ባለሙያው በማግሥቱ መጣ፤ ፍሬሞቹን ወደ ሌላ ሣጥን አዛውሮ፣ በፊት ግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ለጠፈበትና መለሳቸው። "ጋሼ፣ የእኛ አናጢ በሳንቲ ሜትር ነው የሚያስበው፤ ንብ ግን በሚሊ ሜትር ነው የምትቆጥረው" አለኝ እየሣቀ። እኔ ግን አልሣቅሁም፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን የፍሬሞቹን አቀማመጥ ስንለካ ከመሐል እስከ መሐል 35 ሚሊ ሜትር ተራርቀው እንዲቆሙ ሆነው ተሠርተው አገኘናቸው። ይህ ለአውሮፓ ንብ የሚስማማ ልክ ነው፤ በአካላቸው አነስ የሚሉት የአፍሪካ ንቦች በተፈጥሯቸው እንጀራቸውን በ32 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት ነው የሚያንጠለጥሉት። ሦስት ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም ባትመስልም በ10 ፍሬም ስትባዛ አንድ ተጨማሪ እንጀራ ልታስቀምጥ ምንም አይቀራትም፤ ንቦቼም ይህንኑ አስበው ይመስላል በሁለት ቦታ ላይ በፍሬሞች መካከል ጠማማ እንጀራ ጣልቃ አስገብተው ነበር።

የአውራ ማገጃው የተበሳ ቆርቆሮ ነው። ሠራተኛ ንብ አሳልፎ አውራዋን የሚያስቀር ቀዳዳ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ሲገባው፣ የእኔው ማገጃ በአንድ ጥግ ላይ መቁረጫ የሳተው ሰፊ ቀዳዳ ነበረው፤ አውራዋም በእሱ ወጥታ በማር ክፍሉ ሁለት ፍሬም ላይ እንቁላሏን ስለጣለች እነዚያን ፍሬሞች ለማር አላገኘኋቸውም። ማጨሻው በአንጻሩ እንከን የለውም፤ ወናፉ እውነተኛ ቆዳ ነው፣ አንድ ጊዜ ኩበት ከጎረሰ ፍተሻው እስኪያልቅ አይጠፋም። ቱታው ጨርቁ ደኅና ቢሆንም ዚፑ በሁለተኛው ቀን ስለተበላሸ፣ ያስከተለብኝን የዓይን ቆብ እብጠት ባለቤቴ ለሳምንት ያህል ለእንግዳ ሁሉ ስታወራው ከረመች።

ማሩን በተመለከተ ሥራ ቤቱ አንድ ያልጠበቅሁት ደግነት አለው፤ ቀፎ ለገዛ ሰው ማር ማጣሪያውን ለአንድ ቀን ያለ ኪራይ ያውሳል። እንጀራው ሁለት ሦስተኛው በሰም እስኪታሸግ እንድጠብቅ ያስጠነቀቀኝም ያው ባለሙያ ነው፤ ውኃው ከ20 በመቶ ያለፈ ማር እንደሚቦካ ሰምቼ ስለነበር ምክሩን ተቀበልኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ 9 ኪሎ፣ ባሕር ዛፉና ግራቪሊያው ካበቡ በኋላ ሰኔ መግቢያ ላይ ደግሞ 5 ኪሎ አጣራሁ። ከባለፍሬም ቀፎ በዓመት ከዚህ የተሻለ እንደሚጠበቅ አውቃለሁ፤ ይሁንና በጥቅምት የፈሰሰው፣ በማገጃው የጠፋው፣ የእኔም ጀማሪነት ሲደመር ቀፎውን ብቻ መክሰስ አልችልም። አበባ ግን አልጎደለም፤ ንብ ለቀሰማ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ዛፎችም የጃንሜዳ ዙሪያም ለእኔ ጓሮ ማር ገብረዋል።

በከተማ ጓሮ ውስጥ ቀፎ የሚሸጥ ሰው ስለ ጎረቤት አንድ ቃል መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። ባለሙያው ቀፎውን ያቆመው የንቦቹ መውጫ ጎረቤቴ ወደሆኑት ወደ እማማ ግቢ፣ በቀጥታ ወደ ልብስ ማስጫቸው እንዲያይ አድርጎ ሲሆን፣ የውኃውንም ነገር ማንም አላነሣውም። ጥር ላይ እማማ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ "ልጄ፣ ንቦችህ ቧንቧዬን ወረሱት እኮ፤ እኔ ከየት ልቅዳ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በበጋው ንቦቹ ውኃ ፍለጋ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧቸውን ከበውት ይውሉ ነበር። ጎድጓዳ ሣሕን በውኃ ሞልቼ፣ እንዳይሰምጡ የእንጨት ስባሪ ጣል ጣል አድርጌበት ቀፎው አጠገብ አስቀመጥኩ፤ የቀፎውንም ፊት በየማታው ጥቂት ጥቂት እያዞርኩ ወደ ወንዙ መለስኩት። ከሰኔው ማር አንድ ኪሎ ለእማማ ገብቷል።

ክረምቱ የመቆሚያውን ነውር አወጣው። የብረት መቆሚያው አራቱም እግሮች ጉንዳን እንዳይወጣባቸው የተቃጠለ ዘይት በሚሞላባቸው የቆርቆሮ ጽዋዎች ውስጥ ይቆማሉ፤ በበጋ ሐሳቡ ግሩም ነው። ጽዋዎቹ ግን ምንም ከለላ ስለሌላቸው የሐምሌ ዝናብ ሲሞላባቸው ዘይቱ ከውኃው በላይ ተንሳፍፎ በቅድሚያ የሚፈሰው እሱ ሆነ። አንድ ሌሊት የባሕር ዛፍ ቅጠል ወድቆ ከመሬት እስከ ብረቱ እግር ድልድይ ዘርግቶ አደረ። ንጋት ላይ በባትሪ ብርሃን ያየሁትን አልረሳውም፤ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው የጉንዳን ሰልፍ በአንደኛው እግር ሲወጣና ነጫጭ እጮችን ተሸክሞ ሲወርድ፣ ንቦቹ ደግሞ በቀፎው የፊት ግድግዳ ላይ እንደ ጥቁር ጋቢ ተከምረው ነበር። ሰልፉን በትኩስ አመድ በተንኩት፤ የእጩ ግማሽ አለቀ። አውራዋ መትረፏን ያረጋገጥኩት ከሳምንት በኋላ ትኩስ እንቁላል ሳይ ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ጽዋ ላይ ከጣሳ ክዳን የሠራሁት ትንሽ ጃንጥላ አለ፤ ሥራ ቤቱ ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ኖሮ የሚያወጣው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ክዳኑ ግን በዚያ ሁሉ ዝናብ አንዲት ጠብታ አላስገባም፤ ፊቱን ትንሽ ዘንበል አድርጌ ስላቆምኩትም ወለሉ ላይ ውኃ አላቆረም። የመግቢያውን በር በብርድ ጊዜ ማጥበቢያ እንጨትም ሆነ የመኖ ማቅረቢያ ዕቃ ከቀፎው ጋር አይሰጡም፤ በሩን በተረፈ ጣውላ አጠበብኩት፣ የስኳር ብጥብጡንና በሶውን ክዳኑ ሥር በጎድጓዳ ሣሕን አቀረብኩ። ይህ ቢሟላ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ከመግዛት የሚያስቀር ጉድለት አይደለም።

ለጀማሪ ይህን ቀፎ እንደሚሸጥበት ሁኔታ ግዛ አልለውም፤ ሣጥኑን፣ ማጨሻውንና የዝውውር አገልግሎቱን ወስዶ፣ ማገጃውን ቀዳዳ በቀዳዳ ፈትሾ፣ ፍሬሙን በፊቱ አስገብተው እንዲያሳዩት ቢጠይቅ ግን ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም። ለሁለተኛ ቀፎ ወደዚያው ቤት ተመልሻለሁ፤ አናጢው የክፍተቱንና የፍሬሙን ርቀት ልክ በእርሳስ ጣውላው ላይ ጽፎልኛል፣ ፍሬሞቹንም በ32 ሚሊ ሜትር ሊያደርጋቸው ተስማምቷል። የምረከበው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ማስመሪያውን ከልጄ ቦርሳ አውጥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ።