ቤታሂስቲን፦ ጆሮ ሲጮህና ሲያዞር ቀድሞ የሚገዛው ኪኒን

ጆሮው እየጮኸበትና እያዞረው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ፋርማሲ ጎራ ያለ ሰው ይዟቸው ከሚወጣ መድኃኒቶች አንዱ ቤታሂስቲን ነው። ቤታሰርክ በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁትም ብዙ ናቸው። ባለ 8፣ ባለ 16 እና ባለ 24 ሚሊ ግራም ሆኖ ይመጣል። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ መድኃኒቱ ክፉ አይደለም። የሚያከስረው የሕመሙ ምንነት ሳይታወቅ መገዛቱ ነው። ዋናው ሥራው ሜኒየር ለሚባለው የውስጥ ጆሮ ሕመም ነው፤ ከሚያዞራቸው ሰዎች መካከል ግን ሜኒየር ያለባቸው ጥቂቶች ናቸው።

መጀመሪያ ስለ አወሳሰዱ። ለአዋቂ የተለመደው መጠን ባለ 16 ሚሊ ግራሙን አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ወይም ባለ 24ቱን ጠዋትና ማታ መውሰድ ነው። የቀኑ ድምር ከ48 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ይሁን። ራስ ምታት የሚያስከትልባቸውም አሉ። ከሰውነት በሰዓታት ውስጥ ስለሚወጣ አንዱን ዘልሎ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት ፍሬ መዋጥ የረሱትን አይተካም። አስም ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምረው። ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባለው የአድሬናል ዕጢ እባጭ ያለበት ጭራሽ አይወስደውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ሳታማክር አትጀምር።

ብዙ ገዢ የሚበሳጭበት ነገር አለ፦ ዛሬ የተነሳውን ማዞር ዛሬ አያስቆምም። የሚታዘዘው ቀጣዩ ጥቃት እንዲራራቅ ወይም እንዲቀል ታስቦ ነው፤ ያም ቢሆን ሳምንታት ይፈልጋል። ሁለት ቀን ወስዶ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው መድኃኒቱን መፈተን አይደለም። ያለ ምንም ክትትል ዓመት ሙሉ መዋጥም እንዲሁ።

ይሠራል ወይ ለሚለው፣ በጀርመን ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጠንካራ ጥናት አለ። ሜኒየር ያለባቸው 221 ሰዎች ለ9 ወር ዝቅተኛ መጠን፣ ከፍተኛ መጠን ወይም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ኪኒን ተሰጣቸው። በሦስቱም ቡድን ጥቃቱ ቀነሰ፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ሜኒየር በራሱ ጊዜ የሚነሳና የሚተኛ ሕመም ስለሆነ ጋብ ያለው በኪኒኑ ይሁን በራሱ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ለጆሮ ጩኸት ብቻ መሰጠቱንም በ2018 እ.ኤ.አ. የተደረገ የጥናቶች ግምገማ ከአስመሳይ ኪኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። አሜሪካ ውስጥም ፈቃዱ ከተነሳ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አውሮፓ ግን እስካሁን ይታዘዛል። ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ ሜኒየር በሐኪም ከተረጋገጠ ለሦስት ወር ያህል፣ ጥቃቱ የመጣበትን ቀንና የቆየበትን ጊዜ በደብተር እየያዙ መሞከር ያስኬዳል። ለውጥ ከሌለ ይቁም። ማዞር ሳይኖር ጆሮ ብቻ ለሚጮህበት ሰው ግን እንዲገዛው አንመክርም።

ጥሩ ፋርማሲስት ኪኒኑን ከማውረዱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዲት እናት መጥተው «ያዞረኛል ልጄ፣ የጆሮ ኪኒን ስጠኝ» ቢሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «እማማ፣ ሲጀምርዎ ምን ያህል ይቆያል?» መሆን አለበት። ሁለተኛው «ያን ጊዜ መስማትዎስ ይቀንሳል?» ነው። «ስገላበጥ ወይም ቀና ስል ቤቱ ይዞርብኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል፤ መስማቴ ደህና ነው» ካሉ ቤታሂስቲን አያስፈልጋቸውም። ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ፣ ደጋግሞ የሚመጣ፣ አንዱን ጆሮ የሚደፍን፣ የሚያስጮህና መስማቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ሜኒየር ይጠረጠራል። በድንገት ጀምሮ ለቀናት ያለ ፋታ የሚያዞርና የሚያስመልስ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ነው። ከተቀመጡበት ሲነሱ ብቻ ዓይን የሚያጨልም ከሆነ ጆሮን ትቶ ደም ግፊትን፣ ደም ማነስን፣ የሚወሰዱ የግፊት ኪኒኖችን መፈተሽ ይሻላል። በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ ጾም ውሃ ሳይጠጣ የዋለ፣ በተለይ በባቲና በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ይህ ዓይነቱ ሊያገኘው ይችላል። ግፊቱ ተኝቶ አንዴ፣ ከቆመ በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ እዚያ አለ።

ያ በመገላበጥ የሚመጣው ማዞር ሐኪሞች ቢፒፒቪ ይሉታል፤ ከውስጥ ጆሮ ማዞሮች ሁሉ የተለመደው እሱ ነው። ውስጥ ጆሮ ውስጥ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ። ከቦታቸው ተላቀው ከሦስቱ ግማሽ ክብ ቦዮች አንዱ ውስጥ ሲገቡ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም ሰውነቱ የሚሽከረከር ይመስለዋል። ቅንጣት በኪኒን አይወጣም። የሚወጣው ጭንቅላትን በቅደም ተከተል በማዞር ነው፤ ዘዴው በአሜሪካዊው ሐኪም ስም ኤፕሊ ይባላል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከቤታሂስቲን አጠገብ አስቀምጠን ስናወዳድረው ለዚህ ሕመም ብልጫው በጣም ሰፊ ነው።

የቀኝ ጆሮ ከሆነ እንዲህ ይሠራል። ሰውየው አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ወደ ኋላ ሲተኛ ትከሻው ሥር እንዲገባ ትራስ ይደረግ፤ መደብ ላይ ከሆነ የተጠቀለለ ጋቢ ይበቃል። ጭንቅላቱን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙሮ ቶሎ ብሎ በጀርባው ይተኛ፤ ጭንቅላቱ ከትከሻው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። በዚህ ጊዜ ማዞሩ ይነሳል፣ የሚያግዘው ሰው ዓይኖቹን ቢያያቸው ሲርገበገቡ ያያል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። እስኪያልፍ፣ ቢያንስ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ ጭንቅላቱ ቀና ሳይል 90 ዲግሪ ወደ ግራ ይዙር፣ አሁንም ያን ያህል ይጠበቅ። ቀጥሎ መላ ሰውነቱን በግራ ትከሻው ላይ ያዙር፤ አፍንጫው ወደ ወለሉ ይመልከት፣ ይጠበቅ። በመጨረሻ አገጩን ዝቅ አድርጎ በግራ ጎኑ በኩል በዝግታ ይነሳ። ለግራ ጆሮ ሁሉም ይገለበጣል።

የማይሳካበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ትራሱ ከትከሻ ሥር መሆኑ ቀርቶ ከጭንቅላት ሥር ይገባል፤ ጭንቅላቱ ስላልተንጠለጠለ ቅንጣቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሌላው መቸኮል ነው፣ ማዞሩ ሳያበቃ ወደ ቀጣዩ ማለፍ። ሦስተኛው ጆሮውን መሳት ነው፤ የታመመው ወደ እሱ ዞረው ሲተኙ የሚያዞረው ወገን ነው። ከተሠራ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል መቀመጥ ያስፈልጋል፤ መንዳት አይቻልም። ለሁለት ሌሊት ተቀምጦ መተኛት የሚለው የድሮ ምክር ግን ጥቅሙ አልታየም። ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻለዋል፤ ከወራት በኋላ ሊመለስ እንደሚችልም ማወቅ ጥሩ ነው። የአንገት ጉዳት ወይም ከባድ የአንገት ዲስክ ችግር ያለበት፣ የዓይን ሬቲና የተላቀቀበት፣ የአንገት ደም ሥር ጥበት ያለበት ሰው ቤቱ አይሞክረው፤ ሐኪም ይሥራለት።

በፋርማሲው መደርደሪያ ከቤታሂስቲን ጎን የሚገኙት ሲናሪዚን፣ ፕሮሜታዚንና ፕሮክሎርፔራዚን ሌላ ሥራ አላቸው። የሚያጥወለውልና የሚያስመልስ ማዞርን በፍጥነት ያደበዝዛሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይጠቅማሉ። ከዚያ በላይ ሲወሰዱ ግን አንጎል ከተጎዳው ጆሮ ጋር ለመላመድ የሚያደርገውን ጥረት ያዘገዩታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲናሪዚንን ለወራት ሲወስዱ እጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ሊመጣ ይችላል። አባባ በየወሩ እያስገዙ የሚውጡት ኪኒን ሲናሪዚን ከሆነ ቤተሰብ ይህን ለሐኪም ያንሳ። ቤታሂስቲንን ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ መውሰድ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊያዳክምበት ስለሚችል ማን እንዳዘዘውና ለምን እንደሆነ ይጠየቅ።

ሜኒየር ለተረጋገጠለት ሰው ከኪኒኑ እኩል ጨው የመቀነስ ጉዳይ ይነሳል። የሚመከረው በቀን 2 ግራም ሶዲየም አካባቢ ሲሆን ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያህል ነው፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። እዚህ ላይ የወሎ ማጀት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበት፣ በርበሬውም ጨው ይዞ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ደግሞ ቀምሶ መጨመር አለ። ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ተዘጋጅተው ጨው ማሰሮ ላይ ብቻ ቢገባ መጠኑን መቆጣጠር ይቻላል። ለጨው መቀነስም ቢሆን ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን ወጪ የለውም፣ ለደም ግፊትም ይበጃል። ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ቡናውን ጨርሶ ይተው አንልም፤ ሲቀንስ ጥቃቱ ከቀነሰ በደብተሩ ላይ ይታየዋል።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ኪኒን ከመፈለግ በፊት ጆሮው ይታይ። የጆሮ ኩክ ተጠቅጥቆ ሲደፍን ያስጮሃል፤ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ነው። ታምቡሩ ያልተበሳ መሆኑ ታይቶ የወይራ ዘይት ጠብታ ለጥቂት ቀናት ከተደረገ በኋላ ይታጠባል። ማጠቢያው ውሃ የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ውስጥ ጆሮን ቀስቅሶ ወዲያው ያዞራል፤ «ታጥቤ ባሰብኝ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። የጤና አዳም ጭማቂና የሞቀ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ወደ ጆሮ መጨመር ታምቡር ከተበሳ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱም ቆዳ ይልጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ በአጭር መንገድ ስለሚቀንስ ጆሮ መደፈኑ የአየር ግፊት ነው፤ መዋጥና ማዛጋት ይከፍተዋል። ጉንፋን ላለበት ግን ቀናት ሊቆይ ይችላል።

ወፍጮ ቤት የሚውሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ፣ እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከባድ መሣሪያ ፍንዳታ ቅርብ የነበሩ ሰዎች ጩኸት መነሻው ሌላ ነው። ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት ተጎድተዋል፤ ቤታሂስቲን አያበቅላቸውም። እነዚህን ሰዎች የሚረዳቸው የመስማት ምርመራ፣ ካስፈለገ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሌሊት ደግሞ ክፍሉን ጭር ከማድረግ ይልቅ ዝቅ ያለ የሬዲዮ ድምፅ መተው ነው። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ወጣት ዛሬውኑ የጆሮ መሸፈኛ ቢያደርግ ከማንኛውም ኪኒን ይበልጥበታል። የጄንታማይሲን፣ የስትሬፕቶማይሲን ወይም የአሚካሲን መርፌ፣ ወይም የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒን ከወሰዱ በኋላ ጩኸቱ ወይም ሚዛን መሳቱ ከጀመረ ያዘዘውን ሐኪም ወዲያው መንገር ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ መድኃኒቱ በቀጠለ ቁጥር ይጨምራልና።

ፋርማሲ ደጃፍ መቆም የሌለባቸውም አሉ። ከማዞሩ ጋር ንግግር የተኮላተፈበት፣ ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ ወገኑ የሰነፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ወይም ያለ ድጋፍ መቆም ያቃተው ሰው ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። አንድ ጆሮው በድንገት መስማት ያቆመም እንዲሁ አይዘግይ። ብዙ ሰው ውሃ የገባበት ወይም ጉንፋን መስሎት ይቆያል፤ በስቴሮይድ የሚደረገው ሕክምና ግን ጥቅሙ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ የሰነበተ ወይም ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ከሆነም ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ሪፈር ተጽፎ ሐኪሙ ጋ ሲደረስ የመስማት ምርመራ እንዲሠራ ይጠየቅ። ድምፅ በማያስገባ ክፍል፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ባሉ ድምፆች ይሠራል፤ ለአዋቂ እስከ 25 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ በአብዛኛው ደህና ይባላል። ሜኒየር መጀመሪያ ላይ የወፍራም ድምፆችን ወገን ይጎዳል፤ የጩኸት ጉዳት ግን በምርመራው ወረቀት ላይ ባለው መስመር 4000 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይሠራል። የወረቀቱን ቅጂ ተቀብሎ ከጥቃት ደብተሩ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ቤታሂስቲኑ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው የሚወሰነው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ታይተው ነው።