ለኮምፒውተር ጫጫታ፦ ስፖንጅ ወይስ የሬንጅ ንጣፍ?

በኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ከሚለጠፉት ድምፅ አፋኞች ሁለቱ በብዛት ይታወቃሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ስፖንጁ በአየር የሚመጣውን ቀጭን የማራገቢያ ፉጨት ይውጣል። ወፍራሙን ጉርምርምታ ግን አይነካውም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በ120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ንዝረት) ያጉረመርማል፤ የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ስለሚጠጋ 1 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አይበግረውም።

እዚህ ላይ ከባዱ የሬንጅ ንጣፍ ይበልጣል። የሣጥኑን ቆርቆሮ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ንዝረቱን የሚያጎላው እሱ ነው። ንጣፉ ሲለጠፍበት ድምፁ ደንዝዞ ወዲያው ይቆማል።

እኔ ሬንጁን እመርጣለሁ። ስፖንጅ ቦታ ይሻማል፤ የአየር ማስገቢያውን ከሸፈነማ ሙቀቱ ይታመቅና ማራገቢያው የባሰ ይጮኻል። ከሁለቱም በፊት ግን ሃርድ ዲስኩን በጎማ ላይ ማሳረፍ ይቀድማል።