መክሰስ ወይስ በጋራ መወትወት? ለድሬዳዋ ዓይነ ስውራን

ሥራ ሊቀጠር ሄዶ «ዓይነ ስውር ነህ» ተብሎ የተመለሰ ሰው፣ ክስ ያዋጣዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከጎኑ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን ከተቀበለ፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው ቀጣሪው ነው። ቀጠሮው ግን ያሰለቻል። የባጃጅ ሒሳብ አለ፣ ሰነዱን የሚያነብለት ታማኝ ሰውም ያስፈልገዋል።

ኃላፊዎችን በጋራ መወትወት ሲሆን ወጪው ይከፋፈላል፤ ግን «እናየዋለን» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኃላፊውን ከቢሮ አውጥቶ መንገዱን አብሮ መሄድ ነው! መጋላ ሰፈር ላይ የጎረቤቴ ነጭ በትር ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ሲገባ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ድንጋጤዋ እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። ያንን ደብዳቤ አይገልጸውም።

ለቅጥርና ለእድገት ክስ፤ ለመንገድና ለሕንፃ መግቢያ ተሰባስቦ መሄድ ይሻላል። ክስ የሚመሠርተውም ሰው ቢሆን ለብቻው ባይቆም ደስ ይለኛል።