ለትንንሽ ልጆች ክራር ወይስ ዋሽንት?
ባሕር ዳር ያለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ትንሽ ብር ቢያገኝ ምን ይግዛ?

በዋጋ ከሆነ ዋሽንት ያሸንፋል። ሸምበቆ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀዳዳ አለው። ለየልጁ አንድ አንድ ማዳረስ ይቻላል። ደግሞም የግል መሆን አለበት፤ አፍ የነካውን መዋዋስ ጉንፋን መለዋወጥ ነው።

ችግሩ ድምፅ ማውጣቱ ላይ ነው። ዋሽንት እንደ ፊሽካ ስለተነፋ ብቻ አይጮኽም። ትንፋሹ የዋሽንቱን አፍ ጠርዝ በትክክል መምታት አለበት። የ1ኛ ክፍል ልጅ ነፍቶ ነፍቶ ነፋስ ብቻ ሲወጣለት ያኮርፋል። ትንሽ ጣትም ቀዳዳውን በደንብ አይደፍንም።

ክራር ግን ገና ሲነኩት ይናገራል። 5 ወይም 6 ክር አለው። መምህሩ በትዝታ ቅኝት ከቃኘው፣ ልጁ የትኛውንም ክር ቢመታ ከቅኝቱ አይወጣም። ለጀማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ክሮቹን አጥብቆና አላልቶ ወደ ባቲ ወይም አንቺ ሆዬ ቅኝት ሲያዞረው ደግሞ ልጆቹ ልዩነቱን በጆሯቸው ይይዙታል። ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ በብዙ ይሻላል። እየመቱ መዝፈንም ይቻላል፤ ዋሽንት አፍ ይይዛል።

ግን የክራር ዋጋ ይወደዳል፣ ቅኝቱም ቶሎ ይላላል። መምህሩ ከደወሉ በፊት ካልቃኘ ክፍለ ጊዜው እዚያው ያልቃል።

እኔ ብሆን እስከ 4ኛ ክፍል ጥቂት ክራር ገዝቼ በየተራ አስይዛቸዋለሁ። የቀሩት ያጨብጭቡ፣ ይዝፈኑ። ዋሽንቱ ከ5ኛ ክፍል ይጀመር። ልምምዱ ግን ውጭ ይሁን፤ ጣና ዳር ጥላ ያለው ዛፍ ሞልቷል፣ የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህርም ያመሰግናችኋል።