ዱቄት ለሚሸጡልን እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ዱቄት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። «ስሜንም ስልኬንም እንዳታወጪ» ስላሉኝ አልጽፈውም። ያደረጉልኝን ሳልናገር ብቀር ግን ይከነክነኛል።

እኔ የቢሮ ሰራተኛ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጠዋት ወጥቼ ቤቴ የምገባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እናቴ ድፎ ልትጋግር ሊጡን ስታሽ ክንዷ እንዴት ይዝል እንደነበር ስለማውቅ፣ ቤት ውስጥ ዳቦ መጋገር ለእኔ የዓመት በዓል ስራ ብቻ ነበር። በአዘቦት ቀን እየገዛን ነበር የምንበላው።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ዱቄት ልገዛ ሄጄ «እርሾም ይጨምሩልኝ» አልኳቸው። መደርደሪያው ላይ የተከፈተ እሽግ ነበር። አንስተው አሸተቱትና በብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ከስኳር ጋር በጥበጡት። አስር ደቂቃ ቆምን። አረፋ የለም። «ሞቷል። አልሸጥልሽም፤ ነገ አዲስ ይመጣልኛል» አሉኝ። እኔ እኮ ሳላውቅ ገዝቼው እሄድ ነበር! በዚያች ደቂቃ ነው ያመንኳቸው።

ቆመን ሳለን «በአዘቦቱስ አትጋግሪም?» አሉኝ። «ለማሸት ጊዜ የለኝም» አልኳቸው። «ማን ሊጡን እሺ አለሽ ልጄ? አቆይው፣ ጊዜው ራሱ ያሸዋል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ደረቅ እርሾ፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ። ከፈለጋችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ጥቁር አዝሙድ። በማማሰያ ደባልቆ፣ ከድኖ መተው። በቃ። ሊጡ ላላ ብሎ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ እሱ አያሳስባችሁ። ዱቄቱ ውሃ ጠጥቶ ረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ በማሸት የምናመጣው መሳሳብ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ብርዳችን ደግሞ እዚህ ላይ ጠቀመን። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሊጥ ቀስ ብሎ ነው ኩፍ የሚለው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የደባለቅኩት በማግስቱ ከስራ ስመለስ ልክ ይደርሳል። ውርጭ ሲበረታ ጎድጓዳ ሳህኑን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ሙቀት ያለባት ሸዋ ሮቢት የምትኖረው እህቴ በዚሁ ልክ ሞክራ ሊጡ ጠዋት ላይ አልፎበት ኮመጠጠባት። እትዬን ስጠይቅላት «እሷ ቀዝቃዛ ውሃ ታድርግ፤ ማታ ደባልቃ ጎህ ሲቀድ ትጋግረው» አሉ። ተሳካላት።

የመጀመሪያዬ ግን ተበላሽቶብኛል። ብርዱን ፈርቼ የፈላ ውሃ ጨመርኩበት። በማግስቱ ሊጡ እንደ ጭቃ ተኝቶ ጠበቀኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ሱቃቸው ሄድኩ። አላዘኑብኝም፣ አልተቆጡኝም። ያን ዕለት ሱቃቸውን ዘግተው ቤቴ ድረስ መጡ! ውሃ አሙቀው ጣቴን አስነከሩኝና «ሙቀቱም ብርዱም ካልተሰማሽ ልክ ነው። ጣትሽን ካቃጠለ እርሾውንም ይገድለዋል» አሉኝ። ገንዘብ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። በግድ ቡና ነው ያጠጣኋቸው።

ኦቨን የለኝም። በኤሌክትሪክ ምጣዴ ነው የምጋግረው፤ ይህንንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ዱቄት ነክቼ ሊጡን ከአራቱም ጎን ወደ መሃል እጥፍ እጥፍ አደርገውና ኮባ ላይ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ኮባውን መጀመሪያ እሳት ላይ ለብለብ ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ ይቀደዳል። ምጣዱ ሲግል ሊጡን ከነኮባው አስቀምጬ፣ ከላይም ሌላ ኮባ አልብሼ አክንባሎውን እከድናለሁ። የእኔ ምጣድ ሙቀት መቀነሻ ስለሌለው አጠፋዋለሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል መልሼ አበራዋለሁ። 25 ደቂቃ ሲሞላ እገለብጠውና 20 ደቂቃ ያህል እጨምርለታለሁ። ከዚያ ታቹን በጣት ማንኳኳት ነው። እንደ ባዶ ሳጥን ድው ካለ በስሏል። ሲቆረጥ ውስጡ ትልልቅ ቀዳዳ አለው፤ ኮባው ደግሞ ያንን የናቴን ቤት ሽታ ይሰጠዋል። ትንሹ ልጄ ቅርፊቱን እየላጠ ነው የሚበላው።

ዘንድሮ ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» ብለው ደጄ ለመጡት ልጆች የሰጠሁት ሙልሙል በእጄ የጋገርኩት ነው። በዚህ ሊጥ፣ እርሾውን ትንሽ ከፍ አድርጌ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ገምሰው አሸተቱትና «ጨው ትንሽ ቀንሺ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ቀንሻለሁ።

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ከስራ ደክማችሁ የምትገቡ እህቶች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሱቃቸውን አሳያችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ስለሚበዛባቸው ከሰዓት ሂዱ። እርሾ በማንኪያ ለክተው ይሸጣሉ፤ ሙሉ እሽግ ካልገዛሽ አይሉም። ሊጣችሁ እምቢ ካላችሁም ከነሳህኑ ይዛችሁላቸው ሂዱ።